ቀጥታው መስመር

ከትሮምሶ እስከ ፋሮ፣ በካርታ ላይ ሲለካ፣
ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ይኸው ብቻ ነው ለካ!
አራት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ጥቂት የጎደለው፣
ማስመሪያ ሲያርፍበት ምን አቅም አለው?
«አምስት ሰዓት በረራ፣ ቢበዛ ቢበዛ፣»
አለች ጉንቮር ለልጇ፣ ስልክ በትከሻዋ ይዛ፤
እጇ ጨው እንደሆነ፣ ኮድ ዓሣ ስትከምር፣
«ምጡ ሲጀምርሽ መንገድ ልጀምር።»

ቀጥታው መስመር ግን የማስመሪያው ነው፤
መንገደኛን በዚያ የሚወስድ ማነው?

ኦስሎ ላይ አወረዷት። ከመስታወቱ ውጭ በረዶ፣
ሰሌዳው ላይ «ዘግይቷል» የሚል ቢጫ መርዶ።
ጫማዋን አውልቃ፣ ሾርባ ገዝታ ስትጠጣ፣
ያኔ ነው ሕፃኑ በአንድ ጩኸት የመጣ።
ከዚያ ሊዝበን። ደግሞ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ በር፤
አምስቱ ሰዓት አሥራ አራት ሆኖ ነበር።

ፖርቱጋል ስትገባ ሰዓቷ አንድ ወደ ኋላ ዞረ፤
«መለሱልኝ» አለች፣ «የቀረውስ የት ቀረ?»

ማታ አማቿ ዱዋርቴ ገበታውን አቀረበ፤
የደረቀ ኮድ፣ ድንች፣ በወይራ ዘይት የረጠበ።
ቀመሰች። ዝም አለች። ጨዉን ያወቀችው መሰላት፤
በየካቲት ብርድ በገዛ እጇ ነስንሳ የሸኘችው፣
በጭነት መኪና ስድስት ቀን አዝግሞ፣
አገር ላገር ዞሮ የቀደማት።

ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤
ትንፋሹ ወተት ወተት ይላል።

«ቀድመኸኝ ደረስክ፣» አለች በራሷ ቋንቋ።
ዱዋርቴ ቀና አለ፤
ለዓሣው ይሁን ለልጁ፣
አልጠየቃትም።