ባሕር ያልደረሰው

ከሰዓት ነው፤ አዳማ፣ ስምንተኛ «ለ» ክፍል፤
አቧራው ሳይፈቀድለት በመስኮት ሲዘልል፣
የቆርቆሮው ጣራ በሙቀት ሲንጣጣ፣
እኔ ካርታ ሰቅዬ የአፍሪካን ውሃ ሳወርድ ሳወጣ።

ዓባይን ጀመርኩ፤ በሰማያዊ ጠመኔ
ሱዳንን አሻግሬ ባሕር አስገባሁት እኔ።
«ኮንጎ ይኸው፤ ጥልቀቱን ማን ሊለካው ችሎ፤
ነጋዴው ከነፍየሉ ጀልባ ላይ አድሮ ውሎ።
ኒጀር፤ ከባሕር ሸሽቶ በረሃ የገባ፣
ተጸጽቶ ዞሮ፣ ከሩዝ ገበሬው የተግባባ፤
ዛምቤዚ፤ ገደል ሲገባ ጢሱ ከሩቅ የሚታይ።
ጻፉ! ፈተና ላይ አይቀርም፤ ርዝመቱን በተለይ።»

እጅ ወጣ ከኋላ።
ሄራሞ ነው፤ የወንጂ ልጅ፤
አባቱ ሌሊት የአገዳ ማሳ ቦይ ከፋች፤
ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን፣
የጉድጓድ ውሃ ጥርሱን ያበለዘበት፣
እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ።

«ቲቸር፣ አዋሽስ?
የቱ ባሕር ነው የሚገባው?»

ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ካርታው ላይ አዋሽን ፈለግሁ፤ አጣሁት።
አዳማ መሆን በሚገባት ቦታ ማጠፊያው አልፎ
ቀለሙ ተልጧል፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ተርፎ።

«የትም አይገባም» አልኩ። «ከጊንጪ ተነሥቶ
አፋር ላይ፣ አቤ ሐይቅ፣ ጨው ውስጥ ይቀራል ሞቶ።»

«አልሞተም» አለ። «አባቴ ነው የጨረሰው።»

ይህን ጊዜ የሳቀ የለም።

ማታ፣ ደብተር ሳርም፣ አምፖሏን አየኋት፤
ከቆቃ ተርባይን ሥር አዋሽ ነው ያበራት።
ሻዬ ውስጥ የሟሟው ስኳር የእሱ ነው፤
የዶኒ ሽንኩርት፣ ያስለቀሰኝ፣ የእሱ ነው፤
የቆዳ ፋብሪካ እድፍ ተሸክሞ የሚመጣው፣
ነሐሴ ሲሆን ሰክሮ የእነ ሄራሞን በር ሰብሮ የሚገባው፣
ዘርቱ፣ ጎረቤቴ፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድራ
የምትሰድበው፣ የምትለምነው ተራ በተራ፣
እሱው ነው።

የኔም ደመወዝ ወር ደርሶ አያውቅም፤
አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ ደርቆ ይቀራል፤
ግን ማን ነው «ባከነ» የሚለው?
የልጄን ጫማ እዩ፤ የቤት ኪራይ ደብተሩን እዩ።

በማግስቱ «ና ሣለው» አልኩት።
ከጊንጪ ጀመረ፤ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤
ወንጂ ሲደርስ ከፋፈለው፣ እንደ ሥር፣ እንደ እጅ ጅማት፣
ቦይ ከቦይ፣ ከዚያም ቀጭን ቦይ፣
ሰሌዳው እስኪሞላ፣ ክንዱ እስኪዝል፤
ጠመኔው ጣቱ መሃል አለቀ።

ርዝመቱን የጠየቀኝ የለም።

ደወል ተደወለ። ዳስተር እያለ በመዳፌ አበስኩት።
ልታጠብ ቧንቧ ከፈትኩ፤
ሁለቴ ሳለና ዝም አለ።
ረቡዕ ነው፤ የኛ ተራ ሐሙስ።
መዳፌ ሰማያዊ እንደሆነ
ወደ ቤቴ ሄድኩ።