ሐሙስ ማታ፣ ጁፌር

ሐሙስ ማታ ጁፌር፣ አምስት ሰዓት ሲሆን፣
ድልድዩን ተሻግሮ የመጣው ወገን፣
መርከበኛው፣ ደላላው፣ የነዳጅ መሐንዲሱ፣
ጠረጴዛ እየመታ ይጮኻል ስለሱ፤
ስለዚያው አንድ ዘፈን።

እኔ ከጓዳ ነኝ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣
ብርጭቆ አጥባለሁ፣ ብርጭቆ ሲሞላ።
እጄ አረፋ ለብሷል፣ ጆሮዬ ግን ባዶ፣
በሩ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣
ዘፈኑ ይገባል ቁርጥራጭ ተቀዶ።

አሮጌ ዘፈን ነው።
ሳልወለድ በፊት በሩቅ አገር ወጥቶ፣
በሸክላ ታትሞ፣ በካሴት ተባዝቶ፣
ሚሊዮን ተሽጦ፣ ሚሊዮን ተሰርቆ፣
ሠሪዎቹ ሸብተው እሱ ብቻ ደምቆ።
ደራሲው በዚያች ግጥም ደሴት ገዛ አሉ፤
ማሪቬል ግን ይኸው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ
በየማታው ጮኻ፣ ጅማቷ ተገትሮ፣
ፓስፖርቷ አለ ገና መሳቢያ ውስጥ ታስሮ።

ትርጉሙስ ምንድን ነው?
አንድ ሌሊት ሰካራም ሁላ ተጣላበት፤
ምንታምር ናት የነገረችኝ፣ ትሪዋን እንዳዘለች።

"ጦርነት ነው" አለ መሐንዲሱ፣ "ይኸዋል፣
በሩ ማለት ድንበር፣ መብራቱ ነበልባል።"
"ዕፅ ነው እንጂ" አለ የከበሮው ልጅ፣
"በዚያ በር የገባ አይመለስም እንጅ።"
ሒሳብ ያዡ ቫርጊስ፣ ቢራውን ሳይቀምስ፣
"እናቴ ናት" አለ፣ ዐይኑን በሶፍት ሲያብስ።
ሌላ አልተናገረም።

ሕልም እንደ ፈቺው ነው።
"አንቺስ" አለች ምንታምር፣ "ምን ይልሻል ላንቺ?"

እኔ እንግሊዝኛ የለኝም።
ግን አለች አንድ ቦታ፣
ጊታሩ ጥርሱን ነክሶ ከበሮው ሲረታ፣
ማሪቬል አንገቷን ወደ ላይ ቀልሳ
የምታወጣው ድምፅ፣
በኔ ጆሮ፣ ባማርኛ፣ ጥርት ብሎ፦
"በሩን ተይው።"

ሪፋ የነበርኩበት፣ ያ የመጀመሪያው ቤት፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ከውጭ የሚቆለፍበት፣
አንድ ቀን የውሃ መኪና መጥቶ ሳለ፣
ሾፌሩ ጀሪካን ሊያወርድ ጎንበስ እንዳለ፣
ነጠላ ጫማዬን ሳላጠልቅ ወጣሁ።
ሳልዘጋው ወጣሁ።
ውስጥ ሕፃን ነበረ፣ ሐሙድ፣ ገና ዳዴ፣
ከዚያ ግቢ ሁሉ እሱ ብቻ ዘመዴ።
መንገድ ወጥቶ ይሆን? ወይስ አንዱ ደርሶ?
አምስት ረመዳን አለፈ፤ አልተዘጋም ያ በር፣
እንቅልፌ መሐል ነፋስ ሲገባ ያድር።

እና ያ ዘፈን መጥቶ በማላውቀው ቋንቋ
"በሩን ተይው" ቢለኝ፣ ብርጭቆ አመለጠ፤
ዲናር ተኩል ከደመወዜ ላይ ተቆረጠ።

ለማሪቬል ነገርኳት፣ በስብርባሪ ዐረብኛ፣
ሲጋራዋን ይዛ ከጓዳው ደጃፍ ላይ።
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን መልሳ ዋጠችው።
"እዚያ ጋ" አለችኝ፣ "ቃል የለም ጨርሶ።
ደራሲው ስንኙ መሐል ላይ ቢያልቅበት
ዝም ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ተቀረጸ።
እኔም ስድስት ዓመት የምጮኸው ባዶ ነው።"

ባዶ።
መሐንዲሱ ጦሩን፣ ቫርጊስ እናቱን፣
እኔ ያን ልጅ፣ ያን በር፣ ያን የበጋ ቀን
ይዘን እየገባን፣ እንደ ፈረቃ አልጋ
አንዱ ሲነሣ አንዱ የሚተኛበት
አንድ ክፍል ኖሯል፣ ጌታ የሌለበት።
ደሴት የገዛውም ይኸው ባዶ ቦታ።

ከበሮው ጀመረ።
ምንታምር ትሪዋን ሞልታ፣ በክርኗ ገፍታ
ወጣች። እንደ ልማዷ
በተረከዟ በሩን ልትመልሰው ስትል፣

"ተይው" አልኳት።