ሁለት ቅጠል ሲቀነስ

አዌቱን ተሻግሬ፣ ከጣውላ ቤት ጀርባ፣
በሐምሌ ማለዳ ተማም ጋራዥ ስገባ፣
መኪናዬ ጭቃ ለብሳ፣ ቀለሟ ተልጦ፣
ካሶኒዋ ጥግ ላይ ጉንዳን ተቀምጦ፣
«ምን አገኘህ?» አለኝ፣ እጁን በናፍጣ አጥቦ።
ነገርኩት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከጌራ ስመለስ፣ ከበለጠ ጫካ በታች፣
ግንድ እንዳየ ውሻ አንድ እግሯን አነሳች።
አየር ላይ ያለው ጎማ ያለ ሥራ ይዞራል፣
መሬት የረገጠው ዝም ብሎ ያየዋል፤
ሁለት በርሜል ማሬ ገደል ሲገባብኝ
ንብ ነው የደረሰው፣ ሰው አልደረሰልኝ።
ሁለት ቅጠል ጨምር፤ ባሌስትራዋን አጠንክርልኝ።»

ተማም አልመለሰም።
ክሪኩን አስጠግቶ አንዱን ጎማ አነሳ፤
ያኛውም ተከትሎ ከመሬት ተነሳ።
«አየህ፣» አለ፣ «አንዱ ሲወጣ ሌላው መውረድ አያውቅም።
ጉልበት ሞልቷታል፤ ጉልበቷ ግን አይታጠፍም።
ለሲሚንቶ የተሠራ ወገብ ማር ሲጭን ይገተራል፤
እኔ የምጨምረው የለም፤ የሚቀነስ ግን ይኖራል።»

ተናደድኩ። ብረት በገንዘቤ ገዝቼ ብረት ልጥል?
አባቴ ያሳደገኝ «ያልጠነከረ ይወድቃል» ሲል።

ከሊፋ፣ ረዳቱ፣ ከሥሯ ተንጋሎ፣
የዛገውን ዳዶ በናፍጣ አባብሎ፣
እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፉትን ቡሎኖች አወለቀ፤
ሰባቱ ቅጠል እንደ ካርታ ተዘረጋ፣ ደጁን አጨናነቀ።
እናትየው ረጅሟ፣ ጫፏ እንደ ጆሮ የተጠቀለለ፤
የታችኞቹ አጭር፣ ወፍራም፣ እንደ ባለ ርስት ግትር።
ተማም ከእነዚያ ሁለቱን ለይቶ ወደ ጥግ ጣለ፤
የቀሩትን ጫፍ ጫፋቸውን ሞርዶ አሾለ፤
ከጀሪካን የቆረጠውን ፕላስቲክ በየመሀላቸው አነጠፈ፣
«አይነካከሱ፣» አለ፣ «ይንሸራተቱ።»
ማንጠልጠያዋን ሁለት ጣት አስረዘመ።
«ሦስት አይሻልም?» አልኩ።
«ሦስት ስግብግብነት ነው።»
የፍሬን ቱቦዋንም ዳሰሰ፦ «ይህ አጭር ነው፤
እግሯ ሲወርድ ይበጠሳል» ብሎ ቀየረው።

ሂሳብ ላይ ስንደርስ፦ «ሁለቱን ብረት ተውልኝ፤
ዴዶ ያለው ወንድሜ ቀጥቃጭ ነው፤ የእጄን ግማሽ ክፈለኝ።»

ቀጥቃጭ።
አባቴ ከእነሱ ቤት ውሃ እንኳ አልቀመሰም፤
ሰላም ሲሉት እጁ ከኪሱ አልወጣም።
እኔስ? ልዋሽ አልችልም። ከሊፋ ሻይ ሲያቀርብልኝ
ብርጭቆዋን አየኋት፤ ጣቴ ጉልበቴ ላይ ቀረብኝ።
ሻዩ ቀዘቀዘ።
ተማም አየ፤ ምንም አላለ፤ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠረገ።
ከዚያ ጠጣሁት። ስኳሩ ሥሩ ላይ ረግቶ ነበር።

ነሐሴ ላይ እዚያው ቦይ ገባሁ።
የግራው ጎማ ወረደ፣ ወረደ፣
በጨለማ ግድግዳ እንደሚዳብስ እጅ፤
የቀኙ ድንጋዩን ወጣ፤
በርሜሎቹ ተያዩ እንጂ አልተነቃነቁም።
ጭቃውን ረግጣ ወጣች፤ እያቃሰተች፣ ግን ወጣች።

በመስከረም ተማም በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ፤
ገጀራ ነው። ከጀርባው በኩል
የድሮዋ የመሀል ሚስማር ቀዳዳ ቀርታለች።
ሲባጎ አስገብቼ ካሶኒዋ ጎን ሰቀልኩት።
አሁን ጌራ መንገድ ላይ፣ ቦይ ውስጥ እግሯ ሲወርድ፣
ከውስጧ የወጣው ቅጠል ከውጭ ያንኳኳል፤
ሁለቴ፣
አንዳንዴ ሦስቴ።