ቀለም ያለቀበት ገጽ

ከሻራንት ወንዝ ዳር፣ ከአንጉሌም ግርጌ፣
የድሮው የወረቀት ወፍጮ ዛሬ ስቱዲዮ ነው፤
«ደራሲዋ መጣች» አሉ በማዕረጌ፣
ጫማዬን ስጠርግ። ስሜን ግን ማን ሊያውቀው!

እኔ እኮ የፖስታ ቤት የሌሊት ተረኛ፣
ማንጋዬን ያባዛሁ በመሥሪያ ቤት ማሽን፣ አለቃው ሲተኛ።
መቶ ሃያ ቅጂ። አታሚውም እኔ፣ ሻጩም እኔ፤
ሠላሳ አንድ ሄደ፤ የቀረው ከአልጋ ሥር አደረ ከጎኔ።
በችኮላ ነበር በሽቦ የሰፋሁት፤
ሲሮጡ የታጠቁት
ሲሮጡ ይፈታል፤ የረገፈ ገጹን ስንቴ መልሼ ሰካሁት።

ታሪኩ ቀላል ነው፦ ኤርሜሊን፣ የጣቢያ ዕቃ ጠባቂ፣
የተረሳ ጃንጥላ ሰብሳቢ፣ ባለቤት ጠያቂ።
ዝናቡን ግን የትም፣ አንድ ገጽ ላይ እንኳ አልሣልኩም፤
ጃንጥላ ካለማ ዝናብ አለ ብዬ ነው፤ አንባቢ አልናቅኩም።

ኦበን፣ ዳይሬክተሩ፣ ከልብስ አጣቢ ቤት አንዱን ቅጂ አንብቦ፣
ልብሱን እርጥብ ትቶት ወጣ ይላሉ፣ እኔን ሊፈልግ አስቦ።
አሁን አኒሜ ሊሆን ነው።
«ድምጿ ወፍራም ይሁን?» ይጠይቀኛል፤
ስድስት ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቃል አልወጣት፤ ምን ይባላል?
«ካፖርቷስ ቀለሙ?» ጥቁር ነዋ! ከጥቁር በቀር ምን ኖሮኝ ያውቃል።

ጃንጥላ ሊዘረጋ የተነሣ እጅ፤ ቀጥሎ፣ የተዘረጋ፤
በሁለቱ ሳጥን መሃል ያለውን እኔም አላየሁት። አሁን ግን ማይዌን ጋ
ሃያ አራት ሥዕል በሰከንድ፣
ጣት በጣት፣ ስንዝር በስንዝር፣ እስኪነጋ።

አንድ ቀን ጠራችኝ፣ ገጽ አርባ አንድን ዘርግታ፤
«ይኼ ጭጋግ» አለች፣ «ከጉልበቷ በታች ሁሉን የዋጠው፣
ሦስት ሳምንታችን ነው እሱን ስንቀባ፣ ጠዋት ማታ።
ሞት ነው? ወይስ ትዝታ?»

ዓይኗ ቀልቷል። ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል።

እንዴት ብዬ ልንገራት? ጭጋግ አልነበረም።
ዘጠናኛው ቅጂ ላይ፣ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ፣ የማሽኑ ቀለም አልበረታም፤
ደግሜ እንዳላትመው ወረቀቱ በቁጥር፣ አለቃውም ነቅቶ ጫማ መፈለጉ አልቀረም።

«ላንቺስ ምን መሰለሽ?» አልኳት።
ቆየች። «አባቴ የሄደበት ጣቢያ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችው።
ብሩሿን አነሣች። እኔም ተውኩት፤ እንዲያ ይሁን ያለችው።

ኅዳር ላይ ታየ። ነጩ ሲመጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ሐዲዱን አልፎ፣
አዳራሹ ሙሉ ዝም አለ፣ ትንፋሹን አቅፎ።
እኔም አለቀስኩ። ውሸቴን ነው እንዳልል፣ ከአንጀቴ ነው።

ሌሊት ቤቴ ገብቼ ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ሳብኩ፤
ቀለም ሳያልቅ ከታተሙት፣ ከላይኞቹ አንዱን ገለጥኩ።
ገጽ አርባ አንድ። ሐዲዱ አለ። ጫማዋ አለ።
ከጫማዋ አጠገብ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ልጁ፣
ማንም ያልቀባው፣ ማንም ድምፅ ያልመረጠለት፣
የተሰበረ ጃንጥላ በእጁ፣
ቀና ብሎ ያየኛል።

ውጭ ይዘንባል። ይሰማኛል።