የተሰረዘ ጭረት

ከማዘጋጃ ቤት የወጣሁት በጠዋት፣
ጉሙ ሳይነሣ ነው ከጦሳ ተራራ አናት፤
በአንድ እጄ ቆርቆሮ፣ ቀይ ቀለም የሞላ፣
በአንድ እጄ ብሩሽ፣ ጠጉሩ የተበላ።
ሥራዬ አጭር ነው፦ ሁለት መስመር ማስመር፣
አንዱን ወዲህ ጥሎ፣ አንዱን ወዲያ ማሻገር።
ኤክስ። በቃ። ቤቱ ከዚያ ወዲያ የለም፤
ሰው ከእነ ጓዙ ይወጣል በእኔ ቀለም።

አሥራ አንድ ቤት ሠርዤ ከአራዳ እስከ ሸዋ በር፣
አሥራ ሁለተኛው የሐጂ ቡሽራ ነበር።
ባለ አንድ ፎቅ፣ እንጨት፤ ሰገነቱ የጎበጠ፣
መንገዱን ቁልቁል እያየ የተቀመጠ፤
ጥርሱን እንዳመመው አገጩን ደግፎ፣
የስንቱን ክረምት ዶፍ ቆሞ አሳልፎ።

ብሩሼን ነከርሁ። ጣልሁ። ቀለሙ ወረደ።
"አንተ የማዘጋጃ!" አለች ጦይባ ከመስኮቱ፣
"ሐጂ ከሞቱ ወዲህ ስንት ሆነ ዓመቱ!
መሬት ከበላቸው ቆይተው ከርመው፣
ዛሬ ክርስትና ታነሣቸዋለህ በቀለም ነክረህ?"
ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ቀጥሎ ፊቷ ጠና፤
"ከደጅ የለካ ሰው ዳኛ አይሆንምና
ግባ።"
            ገባሁ።

ደረጃው አሥራ ሰባት፤ ዘጠነኛው ይጮሃል፣
(በዚህ ቤት ያመሸ ባል ሁሉ ያውቀዋል።)
በምርጉ ላይ አለ የአንዲት ሴት መዳፍ፣
ጭቃው ሳይደርቅ በፊት የተወችው ጽሑፍ፤
ስሟን የሚያውቅ የለም። እኔም ሜትሬን ዘርግቼ
"ስፋት" ብዬ ጻፍሁ፣ ሌላ ቃል አጥቼ።

ከመሐል ምሰሶው፣ አንድ ወፍራም ጽድ አየሁ፤
ከሥር እስከ ወገቡ ጭረቱን በጣቴ ለየሁ።
"ምንድን ነው?"
            "የዕዳ መዝገብ ነዋ!
ሐጂ ፊደል አያውቁም፤ የጨው ነጋዴ ነበሩ፤
አንድ ጭረት አንድ ቁና፣ እህል ሲያበድሩ።
አጣሁ ያለ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ፣
ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፤ ቢላዋ ወጥቶ
በጭረቱ ላይ ሌላ ጭረት ይሻገራል፤
ያ ማለት 'ዕዳህ ቀረ፣ ቤትህ ግባ' ይላል።"

ቆጠርሁ። ስድሳ ሁለት። ስድሳው የተሰረዘ።
"ሁለቱስ?"
            "እነሱ አልተመለሱም።"
በመዳፌ ላይ ቀለሙ ደርቆ ቆዳዬን ያዘ።
ያው የእኔ ምልክት ነው፦ ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ፣
በሐጂ ፊደል ምሕረት፣ በእኔ ፊደል መናድ።

ማክሰኞ። የቀበሌ አዳራሽ። ወንበሩ ሙሉ።
ሊቀመንበሩ "ፎቅ፣ መስታወት፣ ልማት" አሉ።
ተነሥቼ የጭረቱን ነገር አወጋሁ፤
አፌ ተሳሰረ፣ ግማሹን ረሳሁ።
እንድሪስ ከኋላ፣ የዚያው ቤት ተከራይ፦
"ቅርስ፣ ቅርስ ትላላችሁ ቆማችሁ ከላይ፤
የእናንተ ቅርስ ሌሊት እኔ ላይ ያፈሳል፤
ከልጆቼ አልጋ ላይ ጃንጥላ ይነግሣል።"

ጸጥ። እውነቱን ነው።
አናጢው አያ ይማም ጉሮሮውን ጠረገ፦
"እንግዲያ ይህ ስብሰባ ለሌላ ቀን ይቆየን፤
መሰላል ያለው ማነው? ቀዳዳውን ያሳየን።
ጣሪያው ሳይደፈን ስለ ታሪክ ማውራት?
የቤት ጠበቃ ምስማር ይጎርሳል በፊት።"

ሐሙስ ጭድ መጣ፣ በሦስት አህያ ተጭኖ።
እንድሪስ ጭቃ ረገጠ፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፤
ሊቀመንበሩም መጡ። ጫማቸውን አላወለቁም፣
ግን ቆርቆሮ አቀበሉ፤ ያየ አይክድም።

ውሳኔው? "ይታያል" ተብሏል። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣
ማኅተሙ ቀን የለው።
ኤክሱን በምርግ ልሸፍን ስል ጦይባ ከለከለች፤
"ይቆይ፤ ሐጂ በራሳቸው ፊደል ያነቡታል" አለች።

ከዚያ ከወገቧ ላይ ቢላዋ ሰጠችኝ።
ወደ ምሰሶው ሄድሁ። ጽዱ ጠንካራ ነው፣ እጄን አደከመኝ።
ከድሮዎቹ በላይ፣ ቢላ ካልደረሰበት፣
አንዲት ጭረት ጫርሁ፤
የእኔን ዕዳ፤
ገና ያልተሻገረበት።