የቅሬው አግዳሚ

ሦስት አገር ተማክሮ አንድ ዋንጫ ደገሰ፤
ኮምቦልቻ ድረስ ወሬው ገሰገሰ።
እኔ፣ የእንድሪስ ኳስ ቤት በር ጠባቂ፣
የጥቁር ሰሌዳው ጸሐፊና ፋቂ፣
ሥራዬ ቀላል ነው፦ የዚያን አገር ማታ
ወደ እኛ ሌሊት በጠመኔ ልፈታ።
አንዴ ሁለት ሰዓት በስሕተት ባጎድል
የተሰደብኩትን ሰሌዳው አይችል።

አንዱ አገር ገና ምሳውን ሳይበላ፣
አንዱ ጥላ ይዞ በዝናብ ሲጉላላ፣
እኛ ዘንድ ሌሊት ነው፤ ቦርከና ብቻውን
ከድልድዩ ሥር ያወራል የማንሰማውን።

መቀመጫ አጣን። እንድሪስ ቅሬውን
ለምኖ፣ አስፈቅዶ፣ አግዳሚ ወንበሩን
አሥራ ሁለቱንም በጋሪ አስጫነ፤
ውሉም «ሰው ሲሞት ግን ወዲያው» የሚል ሆነ።

ከሁሉ በስተኋላ፣ በሩን ተጠግቶ፣
ጋሽ አራጋው እብሬ ጋቢውን አጥፍቶ
ሦስተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤
ሱሪ ከሚቀድ ምስማር ጋር ይጋፈጣል።
በጨርቃ ጨርቅ ቡድን፣ ያኔ በጉብዝና፣
በረኛ ነበረ፤ ሁለት ጣቱ ዛሬም አልተቃና።
ሌላው ኳሷን ያያል። እሱ ብቻ ያንን
ኳስ የራቀችውን፣ ብቸኛ በረኛን።

ዝግጅቱን ግን ጠልቶታል።
«አንድ ድግስ» ይላል «ሦስት ቤት ተከፍሎ!
ወጡ ይቀዘቅዛል ሲመላለስ ውሎ።
ሙሽራውስ የት ነው? በየትኛው በር ነው
እልል የሚባለው?»
«ጋሼ፣ ቅሬስ ቢሆን» ይላል እንድሪስ ስቆ፣
«ድስት ካንዱ ተውሶ፣ ዳስ ካንዱ ተጠይቆ
አይደል ለቅሶ እንኳ?» ጋሽ አራጋው ዝም።
ለቅሶ ከተነሣ ማንም አይመልስም።

ሩብ ፍጻሜው ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ካለፈ፣
ሦስተኛው አግዳሚ ጫፉ እንደተረፈ
አይተን ዝም አልን። ድካም ይሆናል አልን።
ከእረፍት በኋላ፣ ባዶ ለባዶ ሳለን፣
የቅሬው ለፋፊ ሁሴን ተገኝ ገባ።
የመግቢያውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ
ባትሪውን አብርቶ አግዳሚ ቆጠረ፣
አንድ... ሁለት... ሦስት...
ስሙን ሳይጠራልን ጩኸታችን ቀረ።

ተነሣን።
ለአንድ አግዳሚ አራት አራት ሆነን
በትከሻ ይዘን በጨለማው ወጣን፣
ጄኔሬተሩን እንኳ ያጠፋ ሰው ሳይኖር።
እዚያ፣ ሦስት አገር ባጠጣው ሣር ላይ፣
ሃያ ሁለት ጎልማሳ ለባዶ ቤት ሮጠ፤
ኮመንታተሩ ለግድግዳ ጮኸ።
ድልድዩ ጋ ስንደርስ ከኋላችን ሰማን፦
ጎል።
አግዳሚው ከበደን እንጂ ማንም አልዞረም።

ጠዋት ሰሌዳውን ፋቅኩ። መፋቅ ልማዴ ነው።
«ዛሬ ስድስት ሰዓት፦ የጋሽ አራጋው እብሬ ቀብር» አልኩና
ከሥሩ የማታውን ጨዋታ ጻፍኩ።
አንዱን ካንዱ የሚለይ መስመር
ላሰምር ብዬ
ጠመኔው አለቀ።

ከቀብር መልስ፣ ዳሱ ውስጥ፣ ንፍሮ ሲታደል፣
አንድ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ
«ማን አለፈ?» አለ።
ኳሱን ነው። ኳሱን መሆኑን ሁላችንም አውቀናል።
ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቶ መሐላችን ቆመ፣
ማንን እንደሚጠይቅ ጠፍቶበት።
ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ።
ልጁ ምላሱን ነከሰ።

ባለቤቱ፣ እትዬ ተዋበች፣ ነጠላዋን ሳታነሣ
«በረኛው» አለች።

ልነሣ ስል ምስማሩ ሱሪዬን ያዘኝ።
መዶሻ ከእንድሪስ ቤት ይገኝ ነበር።
አላመጣሁም።