ቆጠራ

ከኤላት ወደ ሰሜን፣ ዓረባ በረሃ፣
በመስታወት ቱቦ ሲዞር ያድራል ውሃ።
አረንጓዴ ውሃ፣ የጎመን ጭማቂ፤
ሌሊት ሌሊት እኔ የሱ ተጠባባቂ።
አልጌ ነው። እናቴ «የኩሬ ፀጉር» ትለዋለች።
ጠብታ ቆንጥሬ በማጉያው ሳያት፣
እልፍ ዋናተኛ፣ ባለሁለት ጅራት፣
ይርመሰመስባታል።

ሲበዛ፣ ሲወፍር፣ ምግቡን እንነሳዋለን፣
እርቃኑን ለጠራራ ፀሐይ እንሰጣዋለን።
(ደሞዜ ከዚያ ነው። ጭካኔም ይመስለኛል።)
ያኔ ራሱን ሊያድን እንደ በርበሬ ይቀላል።
ቀዩ ለዓሣ መኖ፣ ለፊት ማለስለሻ፣
ለደከመ ዓይን ክኒን፤ ከግንቡ መጨረሻ
ካለው ጥቁር ጋን ደግሞ ዘይት ይጨመቃል፣
ጡጦ ውስጥ ይገባል፣ ከሕፃን አንጎል ይዘልቃል።

ሰባተኛ ወሬ ነው። ሆዴ ቱቦውን ሲነካ
እግሩን ይሰነዝራል፤ ሙቀቱን ያውቃል ለካ።

ራኬፌት፣ የቤተ ሙከራዋ፣ ፀሐይ ያከሰላት፣
ብስኩት እየበላች ነገረችኝ ማታ፣ እንደ ተራ ተረት፦
ፅንስ በሩን ዘግቶ አይቀመጥም፤
ከሱ የሾለኩ ሕዋሳት ሲወለድም አብረው አይወጡም።
አንዱ ሳንባሽ ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል፤
አንዱ ልብሽ ገብቶ መምታት ይለምዳል።
ሃያ ሰባት ዓመት ቆይተው የተገኙም አሉ።
ይጠግኑ ይሁን፣ ይሰርቁ ይሁን፣ ገና ነው ይላሉ።
«ልጁ ቢሞትስ?» አልኳት።
«ቢሞትም» አለችኝ፤
የቀረውን ብስኩት ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ።

ነቲቮት፣ የአገር ውስጥ ቢሮ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤
ለእናቴ ለብርቄ ቋንቋ ሆኜ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።
«ስንት ልጅ?» ይላል ጸሐፊው። «ስድስት» ትላለች።
«እዚህ አምስት ነው ያለው።»
«ስድስት።» አንድ እጅ አይበቃትም፤ ሁለተኛውን ታነሳለች።
ያየህ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ገና ጥርስ ሳያወጣ፤
ከጣቷ ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣ።
ከኋላ ሰው አጉረመረመ። ፊቴ ጋለ ከሀፍረት፤
«እማ፣ አምስት በይ» አልኳት።
አምስት አለች። ጻፉት።

እማ፣ ይኸው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣
ቆጠራሽ አልሳተም፤ መዝገቡ ነው የላላ።
ያየህ ካንቺ ደም ተሻግሮ ምናልባት እኔም ጋ አለ፤
ምናልባት ይህን ተራጋጭ አጎቱ ሰላም አለ።
(ራኬፌት «ምናልባት» ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።)

ሊነጋ ነው። ሦስተኛው መስመር መቅላት ጀምሯል።
ሙቀት፦ ሃያ ስምንት። ፍሰት፦ ደህና። አየር፦ በቂ ይገባል።
«አስተያየት» ከሚለው ባዶ ዓምድ ሥር፣
ማንም ከማያነበው፣ በግዕዝ ቁጥር፣
፮ ብዬ ጻፍኩ።